አድባሯን ያስቆረጠው ሰው

ምስጋናው ጎንደር ፒያሳ ላይ የሞባይል ከቨር፣ ቻርጀርና ኤርፎን ይሸጣል። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ከተማው ግን የሚያውቀው በሱቁ ሳይሆን በምላሱ ነው። ከሥራ በኋላ የሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ ላይ ማይክ ይይዛል፤ ማይክ ከያዘ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ሌሎቹ ሰባክያን ስለ ፍቅር፣ ስለ ንስሐ፣ ስለ ምጽዋት ያስተምራሉ። ምስጋናው አንድ ርዕስ ብቻ ነበረው፦ ባዕድ አምልኮ።

ባዕድ አምልኮ የማያይበት ቦታ አልነበረም። ቤት ያከራዩት አሮጊት ለእንቁጣጣሽ ቀይ ዶሮ ገዝተው ሲገቡ በር ላይ አስቁሞ «ለምን ቀይ?» ብሎ አፋጠጣቸው። ሴትዮዋ ነጩ ስለከሳባቸው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዶሮ የሚያስገቡት በነጠላ ሸፍነው ነው። የእኅቱን ልጅ ክታብ ከአንገቷ ላይ በመቀስ ቆርጦ ጣለ። ሲፈታ ውስጡ የተጻፈው አባታችን ሆይ ሆኖ ተገኘና አንስቶ ተሳለመው።

ከጎኑ ያለው ሱቅ የሷሊሕ ነው። ሷሊሕ አያቱም አባቱም እዚያው ፒያሳ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ቀልድ የማያልቅበት ነጋዴ ነው። ምስጋናው ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሲከፍት በሃይላንድ ያስቀመጠውን ጸበል ዕቃው ላይ ይረጫል። ሷሊሕም ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ይለዋል።

«ምስጋናው፣ ቻርጀሩን አታርጥበው። ሰው ኤሌክትሪክ ያስይዛል።»

«በረከት ነው፤ አንተ አይገባህም።»

የመጀመሪያው ገዢ ከፍሎ ሲሄድ ምስጋናው ብሩን ግንባሩ ላይ አሽቶ ነበር መሳቢያ ውስጥ የሚያስገባው።

«ይኸስ? ይኸም በረከት ነው?» አለው ሷሊሕ አንድ ቀን።

«ይኸ ልማድ ነው» አለ ምስጋናው።

ልማድና ባዕድ አምልኮ በምን እንደሚለያዩ አልነገረውም። ሷሊሕም አልጠየቀውም፤ ገዢ መጣበት።

የምስጋናው አገር ጨጎ ሚካኤል ነው። ከዳባት በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ ነፋሱ ጆሮ የሚቆርጥ ደጋ። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ጉብታው ላይ፣ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፋት አንዲት ዝግባ ነበረች። የጨጎ ሰው ዝግባ አይላትም፤ «እሜቴ» ነው የሚላት። እሜቴ አድባር ናት፣ የአገር ጠባቂ። በረዶ ትመልሳለች፤ ከብት ታረባለች፤ ለመካን ልጅ ትሰጣለች። ግንቦት ልደታ በመጣ ቁጥር ሕዝቡ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ጠላውን ተሸክሞ ከሥሯ ይሰበሰባል። ሴቶች ግንዷን ለጋ ቅቤ ይቀባሉ። ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ንፍሮውን ይባርካሉ፣ የመጀመሪያውን ዋንጫ ይጠጣሉ። እዚህ ቦታ ሁለት ሃይማኖት ተቀምጧል ብሎ ያሰበ ሰው በጨጎ አልነበረም።

ምስጋናው ራሱ ያን ንፍሮ እየበላ ነው ያደገው። ከተማ ገብቶ አሥር ዓመት ከኖረ በኋላ፣ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሞ በተከፈተበት አንድ የግንቦት ልደታ፣ እናቱን ሊያይ ሄደ። ቤት ውስጥ ሰው አጣ። ወደ ጉብታው ሲወጣ እናቱ ወይዘሮ አበቡ እጇን እስከ ክርኗ በቅቤ ነክራ ግንዱን ስታሽ አገኛት።

«እማየ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምነው? ቅቤ እየቀባሁ» አለች ሳትዞር። «ደህና ገባህ? መንገዱ ሸጋ ነበር?»

«ለማን ነው የምትቀቢው?»

«ለእሜቴ ነዋ።»

«እማየ፣ ይኼ እኮ እንጨት ነው!»

«አዎ፣ ዝግባ ናት» አለች አበቡ፣ የማያውቀውን ልጅ እንደምታስተምር። «ከዚያ በኩል አልደረስሁም፤ ቁመትህ ደህና ነው፣ እስቲ እላይ ድረስ ቀባልኝ።»

ምስጋናው እናቱን ትቶ ወደ ቄሱ ዞረ። ቄስ ኪዳነ ማርያም ሥሯ ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ካልተቀባው በኩል ደግፈው፣ ዋንጫቸውን ይዘዋል።

«አባ፣ ይህ ጣዖት ነው። ካህን ሆነው ከጣዖት ሥር ተቀምጠው ይባርካሉ?»

ቄሱ ዋንጫውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ ጴንጤ ሆንህ እንዴ?»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ምስጋናው ፊቱ ደም መሰለ፤ ከዚህ የባሰ ስድብ አያውቅም።

«እኔ? እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት ሰባኪ ነኝ!»

«እሱ ሸጋ ነው። እንግዲያው እመቤታችን ከቤት ውጭ፣ ተራራ ላይ መወለዷን ታውቃለህ። እኛም ከቤት ወጥተን እናከብራለን። ተራራው ይኸው፣ ዛፉም ይኸው። ምን ጎደለ?»

«ቅቤውስ?»

«ቅቤው የሴቶች ጉዳይ ነው» አሉ ቄሱ።

ከዚያ በኋላ ምስጋናው የጠየቀው ሁሉ የሴቶች ጉዳይ ሆነ። ግንዱ ላይ የታሰረው ቀይ ክር የሴቶች ጉዳይ ነው። ሥሩ ላይ የፈሰሰው ጠላ የሴቶች ጉዳይ ነው። ጠላውን ያፈሰሰው ባለ ጢም ሽማግሌ እዚያው ቆሞ ነበር።

ቤት ሲመለሱ እናትና ልጅ ተኳረፉ። አበቡ እራት አቅርባ፣ እጇን ታጥባ፣ ከፊቱ ተቀመጠች።

«ስማኝ ልጄ። ሰባት ዓመት ሳልወልድ ኖሬያለሁ። አባትህ ሊፈታኝ ነበር። ለሚካኤል ተሳልሁ፤ ለእሜቴም ተሳልሁ። አንተ መጣህ። ማናቸው እንደሰሙኝ በምን ልወቅ? ለሚካኤል ጃንጥላ አገባሁ፤ ለእሜቴ ቅቤ አደረስሁ። ስምህንም ምስጋናው ያልሁህ ለዚህ ነው። ለማን እንደሆነ አልጨመርሁበትም፤ አንዳቸው ቅር እንዳይላቸው።»

ምስጋናው ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የቀረበ፣ በጎንደር ከተማ ዛፍ የሚሳለሙ ሰዎችን ሲያዋርድ የኖረ ሰው፣ ራሱ ከዛፍ የተለመነ ሆኖ ተገኘ። ይህ ወሬ ጉባኤው ጆሮ ቢደርስ ማይኩን የሚሰጠው ማን ነው? እናቱ «ብላ እንጂ» ስትለው ዛፏ መቆረጥ እንዳለባት ወስኖ ጨርሶ ነበር። ለሃይማኖቱ ሲል ነው አለ ለራሱ፤ ደግሞም አመነው።

ከዚያ ወር ጀምሮ ጨጎ ተመላለሰ። ሰበካ ጉባኤው ፊት ቆሞ ስለ ጣዖት ሁለት ሰዓት አስተማረ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት፤ ሲጨርስ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። በአራተኛው የደጀ ሰላሙ በር ሰበብ ሆነለት። በሩ በስብሶ አንዱ ክንፉ ወድቋል፤ በግና ውሻ ቅጥሩ ውስጥ እየገባ ካህናቱን አስቸግሯል። ምስጋናው ትምህርቱን ትቶ «ዝግባዋ ለዚህ በር ትበቃ ነበር» አለ እንደዋዛ።

የጉባኤው ሽማግሌዎች በመስኮቱ ወደ ጉብታው ተመለከቱ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛፏን በአናጢ ዓይን አዩዋት።

«ለሚካኤል ከሆነ...» አለ አንዱ።

«ለቤቱ ከሆነ እሜቴም አትከፋም» አለ ሌላው።

እንዲህ ሆኖ ተወሰነ። የሁለት ሺህ ዓመት ትምህርት ያላደረገውን የበሰበሰ በር አደረገው።

አሁን የሚቆርጣት ሰው ጠፋ። አንዱ ወገቡን ታመመ። አንዱ የአጎቱ ተዝካር ደረሰበት። መጥረቢያዬ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው ያለው ሰው በማግስቱ የገዛ ባሕር ዛፉን ሲፈልጥ ታየ። በመጨረሻ የአገሩ አናጢ አያ አድማሴ እሺ አሉ። አያ አድማሴ ቃል የሚቆጥቡ፣ ሥራቸው የማይነቀፍ ሽማግሌ ናቸው።

«አንደኛ፣ መጥረቢያዬን ቄሱ ጸበል ይርጩልኝ።»

«ሸጋ ነው፣ አያ።»

«ሁለተኛ፣ የሚረዱኝ ሰዎች ሳይበሉ አይሠሩም። በግ አምጣ።»

«አመጣለሁ።»

«ቀይ ይሁን። ግንባሩ ቦቃ።»

«ለምን ቀይ?» አለ ምስጋናው፣ እንደለመደበት።

«የቀይ በግ ሥጋ ይጣፍጣል።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ቃል ብቻ የአንድ ሰዓት ስብከት ይወጣው ነበር። ያን ጊዜ ግን ዛፏ ትውደቅለት እንጂ የበጉ ቀለም አላስጨነቀውም። ዳባት ገበያ ወርዶ ከአምስት በግ አንዱን መረጠ፤ ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ገደሉን ራሱ እየጎተተ አወጣው።

ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ፣ በነሐሴ ጭጋግ፣ ጉብታው ላይ ወጡ። ቄስ ኪዳነ ማርያም መጥረቢያውን ረጩ። ከዚያ አያ አድማሴ በጉን ወደ ዛፏ ሥር ስበው፣ አንገቱን ወደ ምሥራቅ አዙረው አረዱት። ደሙ ወደ ሥሯ ገባ። የመጥረቢያውን ስለት ደሙን አስነኩና ግንዱን ሦስት ጊዜ ሳሙት።

«እሜቴ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ አይደለሁም። ያ ነው።» በአገጫቸው ምስጋናውን አመለከቱ።

ነገሩ ለምስጋናው የገባው ያን ጊዜ ነው። ወደ ቄሱ ዞሮ «አባ! መሥዋዕት አቀረቡላት እኮ!» አለ።

«ምሳ ነው» አሉ ቄሱ። «በጉን ያመጣኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»

ዝግባዋ ከሰዓት በኋላ ወደቀች። ስትወድቅ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከታች መንደር ሴቶች ለሞተ ሰው እንደሚጮኸው ጮኹ። አበቡ አልወጣችም፤ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች አሉ። ምስጋናው ጉቶው ላይ ወጥቶ በስልኩ ራሱን ፎቶ አነሣ። ፎቶው ላይ ፈገግ ብሏል። እግሩ ሥር ያለው ደም ግን አብሮ ወጥቶ ስለነበር ለጉባኤው ከማሳየቱ በፊት ቆረጠው።

በስምንተኛው ቀን በረዶ ወረደ። በጨጎ በነሐሴና በጳጉሜን መካከል በረዶ ያልጣለበት ዓመት አይታወቅም፤ እሜቴ ቆማ ሳለችም ይጥል ነበር። ያን ጊዜ ግን «እሜቴ ባትኖር ከዚህ ይብስ ነበር» ይባል ነበር። አሁን «ይኸው እሜቴ ስትሄድ» ተባለ። እናቱ ደወለችለት።

«የጎረቤታችን የሰውአገኝ ገብስ ግማሹ ሄደ። የእኛም ተመታ።»

«እማየ፣ በረዶ ከእግዚአብሔር ነው።»

«አዎ፣ እሱንማ ሁሉም ያውቃል። ማን እንዳስቆጣው ነው የሚያወሩት።»

በዚያው ሳምንት የምስጋናው መንጋጋ አበጠ። የቆየ ጥርስ ነው፤ ለዓመታት ሲያመው ይተወው ነበር። አሁን ግን ጉንጩ እንደ ዳቦ ነፋ፣ ዓይኑም ሊዘጋ ደረሰ። ሷሊሕ ከሱቁ ወጥቶ በደንብ አየው።

«ሴትዮዋ ናት?»

«የቷ ሴትዮ?»

«የቆረጥሃት።»

«ኢንፌክሽን ነው!»

«እኔ ምን አልሁ? ግን የእኛም ሼኾች መቃብር ላይ ጨርቅ አትሰሩ እያሉ ሲለፉ ኖረዋል። የሚታሰረው ጨርቅ ከማን ሱቅ የሚገዛ ይመስልሃል?» ሷሊሕ ሳቀ። «እኔ እንዳንተ ዛፍ ቆርጬ ገበያዬን አላበላሽም።»

ጥርስ ሐኪሙ የጉማሬ ጥርስ የሚነቅል በሚመስል መቆንጠጫ ሲጎትተው ምስጋናው ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ነገር ተናገረ። ሐኪሙ «ምን አልህ?» አለው። «ጸሎት ነው» አለ። ጸሎቱ «ይቅር በይኝ እሜቴ» የሚል ነበር። ይህን ከብዙ ጊዜ በኋላ ለትዕግስት፣ ለሚስቱ፣ ነግሯት፣ እሷ ደግሞ ለእኛ ነገረችን።

በሩ ለኅዳር ሚካኤል ደረሰ። አያ አድማሴ እንጨቱ ገና እርጥብ ነው፣ ይቆይ ቢሉም የሚሰማቸው አላገኙም። ቢሆንም በሩ ያምር ነበር፤ ሁለት ሰፊ ክንፍ፣ መስቀል የተቀረጸበት፣ ሽታው ከሩቅ የሚጣራ። ምስጋናው ከጎንደር ድምፅ ማጉያ በኪራይ አስጭኖ መጣ። በተነቀለው ጥርሱ በኩል እያፏጨበትም ቢሆን በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ሰብኮ አያውቅም።

«ትናንት ጣዖት የነበረችው ዛሬ የእግዚአብሔር ቤት በር ሆነች!» አለ።

ሕዝቡ እልል አለ። እልልታው ለተሸነፈች ጣዖት ይሁን ቤት ለገባች እሜቴ አልጠየቀም።

አያ አድማሴ ወደ ማይኩ ጠጋ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንጨቱ እርጥብ ነው። ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። እንዳይሰነጠቅ አልፎ አልፎ ቅባት ይፈልጋል።»

«ይቀባ!» አለ ምስጋናው በደስታ ሞቅታ። «የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው፤ ሁላችንም ልንንከባከበው ይገባል!»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ የመጣው እልልታ ከመጀመሪያው በለጠ።

ሥራው ላይ የጥር ሠርጉ ተጨምሮ፣ እስከሚቀጥለው ግንቦት አልተመለሰም። በግንቦት ልደታ ጠዋት ከዳባት በእግሩ ተነሣና በቀጥታ ወደ ጉብታው ወጣ። ማንም የለም። ንፍሮ የለም፣ ጠላ የለም፣ ክር የለም። ጉቶው ላይ አንድ ቁራ ብቻ ቆሟል። ምስጋናው ደስ አለው። ስልኩን አውጥቶ ባዶውን ጉብታ በቪዲዮ ቀረጸና ለጉባኤው የሚሆን ድምፅ ጨመረበት፦ «ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምታዩት የጣዖት ቦታ እንዲህ ምድረ በዳ ሆኗል።»

ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወረደ። ሕዝቡ እዚያ ነበር። እንደዚያ ያለ ሰው በጨጎ አይቶ አያውቅም፤ ከሌላ አጥቢያ የመጡ፣ ከወገራ ድረስ በመኪና የመጡ አሉ። ንፍሮው ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተሰፍሮ፣ ጠላው ተደርድሮ፣ ሰው ሁሉ ተራ ይዞ በሩን ይሳለማል። ግንባሩን ያስነካል፣ ይስማል፣ ልጁን አንሥቶ ያስስማል። «ተመስገን» አለ ምስጋናው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ተራውን ጠብቆ ደረሰና መስቀሉ የተቀረጸበትን ቦታ ከልቡ ሳመ።

ከንፈሩ አንሸራተተው።

በእጁ ጠረገው። እጁ ወዛ። በሩን በቅርብ ሲያየው ከጉልበት በታች እስከ ሰው ቁመት በላይ ያብረቀርቃል፤ መስቀሉ በቅቤ ተሞልቶ ቅርጹ ጠፍቷል። በማጠፊያው ላይ አዲስ ቀይ ክር ታስሯል። አንዲት ሴት ከኋላው «ወንድሜ፣ ከጨረስህ እለፍ፤ እኛም ስለት አለብን» አለችው።

ቄስ ኪዳነ ማርያምን ፈልጎ ከጠላው አጠገብ አገኛቸው።

«አባ! በሩን ቅቤ ቀብተውታል!»

«እንዳይሰነጠቅ ነው። አንተው በማይክ አዝዘህ የለ?»

«ይህ እኮ እንክብካቤ አይደለም! እየተሳሉለት ነው!»

«ልጄ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ መሳለም ኃጢአት ነው?»

«አይደለም፣ ግን...»

«ቅባትስ? አባቶች በብሉይ ዘመን ድንጋይ አቁመው ዘይት አፍስሰውበት የለም?»

«አባ፣ ሁሉም ሰው እኮ እሜቴን ነው የሚስመው!»

ቄሱ ረጋ ብለው አዩት። ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም ምስጋና ነበረበት። «ድሮ እሷ እላይ ነበረች፣ እኛ እታች። በዓመት አንድ ቀን ስንወጣላት ጉልበታችን አለቀ። አሁን በወር በወሩ በአሥራ ሁለት፣ በየሰንበቱም፣ ሕዝቡ ቅዳሴ ሳያስታጉል ይሳለማል። የማይመጣው ሁሉ መጣ። እኔ በአርባ ዓመት ክህነቴ ያላደረግሁትን አንተ አደረግህ።»

ምስጋናው እናቱ ቤት ሮጦ ሄዶ ባልዲና ኦሞ ይዞ ተመለሰ። ሕዝቡ ፊት እጅጌውን ሰብስቦ በሩን ማጠብ ጀመረ። የሚከለክለው ሰው አልነበረም። ሁሉም ገለል ብሎ በአክብሮት አየው፤ በዓል ቀን የሚካኤልን በር የሚያጥብ ሰው ማን ይነካዋል? አረፋው በክንፎቹ ላይ ወረደ፣ ቅቤው ቀለጠ፣ ከደፉ ሥር ቢጫ ውሃ ተጠራቀመ።

አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብላ ያን ውሃ በሃይላንድ ቀዳች።

ከእሷ በኋላ ሌላዋ ቀዳች። ከዚያ ጀሪካን መጣ። «ለዓይን ነው» አለች አንዷ። «ለሆድም ይሆናል ይላሉ» አለች ሌላዋ። ምስጋናው «ሳሙና ነው! ኦሞ ነው!» እያለ ጮኸ። «ይባርክህ» አሉት። ባልዲውን ሊደፋ ሲያነሣ ከስሩ ጣሳ ይዛ የቆመችው እናቱ ነበረች።

«እማየ፣ አንቺም?»

«ለትዕግስት ነው» አለች አበቡ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ካገባችሁ አራት ወር ሊሞላ ነው እኮ።»

ባልዲውን አስቀመጠ። ደፉ ላይ ቁጭ አለና ሱሪው ቅቤ እስኪጠጣ ድረስ አልተነሣም።

አሁን ምስጋናው ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ በኩል ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ጉባኤውም አልቀረበትም፤ ርዕሱን ብቻ ቀየረ። ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ወላጅ ማክበር፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ንብረት አያያዝ ያስተምራል። የባዶውን ጉብታ ቪዲዮ ያዩ ሰዎች ሲያመሰግኑት «የእግዚአብሔር ሥራ ነው» ይልና ወሬ ይቀይራል። በጨጎ ግን ሌላ ስም ወጥቶለታል፤ «እሜቴን ያስገባት» ይሉታል። ሲያልፍ አሮጊቶች ትከሻውን ይስማሉ። ሰበካ ጉባኤው ማኅተም ያለበት የምስጋና ወረቀት ሰጥቶታል፤ ሱቁ ውስጥ ሰቅሎት ሷሊሕ አንብቦ እንባው እስኪፈስ ሲስቅ አወረደው።

ባለፈው ኅዳር ከበዓሉ በፊት አንዲት ሴት የፒያሳን ሱቅ እየጠየቀች መጣች። በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛለች።

«ለሚካኤል እንደምትሄድ ሰማሁ። እኔ እግሬ አልቻለም። ይህችን በስሜ አድርስልኝ።»

«ለማን?» አለ ምስጋናው።

ሴትዮዋ ግራና ቀኝ አየችና «ለበሩ» አለች።

ሷሊሕ ከጎን ሱቅ አንገቱን አስግጎ መልሱን ጠበቀ። ምስጋናው ፌስታል ፈልጎ ቅቤውን አስገባውና ከጸበሉ ሃይላንድ አጠገብ አስቀመጠው።

«ይደርሳል» አለ።

አደረሰው። ራሱ እንዳልቀባው ይምላል፤ ለቄሱ ሰጠሁ፣ ቄሱ ለሴቶች ሰጡ ነው የሚለው። ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ኪዳነ ማርያም ማይኩን ሲያቀብሉት ስለ ምን እንደሚሰብክ ሁሉም ተጠባበቀ። ከሦስት ቀን በኋላ የነቢያት ጾም ይገባ ነበርና ስለ ጾም ሰበከ። በጾም ማንም አይከራከርም። ሕዝቡ አርባ ሦስቱን ቀን ቅቤ ጨርሶ እንዳይቀምስ፣ ከቅቤ እንዲርቅ፣ በቤቱም እንዳያስቀምጥ አጥብቆ መከረ።

ሕዝቡም ታዘዘ። በማግስቱ በየቤቱ የነበረው ቅቤ ሁሉ ወጥቶ ወደ ደጀ ሰላሙ ሄደ።